ውርጭ የሚያርሰው አፈር፦ በባሌና በስሜን ራሶች ላይ ምን እየሆነ ነው?

ስለ አፈር መሸርሸር ሲወራ ሁላችንም የምናስበው ዝናብን ነው። ክረምት ይገባል፣ ጎርፍ ይወርዳል፣ ወንዙ ይደፈርሳል፣ አፈሩ ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል። ይህ እውነት ነው። ግን ከ3,500 ሜትር በላይ ባሉት ተራሮቻችን ላይ ሌላ ሠራተኛም አለ። የሚሠራው በበጋ ነው፤ ያውም ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት። ዝናቡ ከመድረሱ በፊት አፈሩን ፈትቶ፣ አንስቶ፣ አላልቶ የሚጠብቀው እሱ ነው። ውርጭ።

ባለፉት ዓመታት ስለ ከፍተኛ ተራሮቻችን ብዙ ደስ የሚል ዜና ሰምተናል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ወጣ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ተባለ። ወሬው ግን ሁልጊዜ ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። እነዚህን ሁሉ ስለተሸከመው አፈር የሚናገር ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። እኔ የምለው ነገር አጭር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አፈሩን ከውርጭ የሚያስጥለው ሣሩ ነው። ስለዚህ ስለ ግጦሽና ስለ እርሻ የሚደረገው ክርክር የአውሬና የሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአፈርና የውኃ ጉዳይ ነው፤ ከተራራው ብዙ ርቆ የሚኖረውንም ሰው ይነካል።

አንድ የበጋ ሌሊት

ከጎባ ተነስቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። አምባው ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። ከላዩ ቱሉ ዲምቱ አለ፤ ከፍታው 4,377 ሜትር ነው። በክረምት እዚህ ጭጋግና ዝናብ እንጂ ከባድ ውርጭ ብዙም የለም። መሬቱ ሌሊት የሚያወጣውን ሙቀት ደመናው ይይዘዋል። ኅዳር ሲገባ ግን ሰማዩ ይከፈታል። ቀን ፀሐይዋ ፊት ታቃጥላለች። ማታ ደግሞ ሙቀቱ ያለ ከልካይ ወደ ላይ ይወጣል። በበጋ ሌሊት የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ መውረዱ ተመዝግቧል። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጃኬት ማውለቅ ያሰኛል።

ኡሎቭ ሄድበርግ የተባለ ስዊድናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች አየር ሲገልጽ፣ ቀኑ ሁሉ የአውሮፓ በጋ፣ ሌሊቱ ሁሉ የአውሮፓ ክረምት ነው እንደማለት ነበር ያስቀመጠው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአልፕስ ተራሮች አፈሩ ኅዳር አካባቢ ይረጋል፣ በፀደይ ይፈታል። በዓመት አንዴ ነው፣ ግን ጥልቅ ነው። በእኛ ተራሮች ቅዝቃዜው ወደ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ማታ ይረጋል፣ ጠዋት ይፈታል። በማግስቱም እንዲሁ። በአንድ በጋ ውስጥ ይህ በብዙ አሥር ጊዜ ይደጋገማል። አፈሩን የሚጎዳው የቅዝቃዜው መክፋት አይደለም፤ ይህ መመላለስ ነው።

እስቲ ጎንበስ ብለን እንየው። ቦታው ከብት የረገጠው ጠባብ መንገድ ይሁን። ሣር የለበትም፤ አፈሩ ጥቁርና ርጥብ ነው። ፀሐይዋ እንደጠለቀች የአፈሩ ገጽ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በላይኛው ሽፋን ያለው ውኃ ይረጋል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አፈሩ ጠጥሮ ያድርና ጠዋት ይፈታ ነበር። አያበቃም። የረጋው ውኃ ከታች ያለውን ያልረጋ ውኃ ወደራሱ ይስባል። ውኃው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣል። በረዶው ሥር ሲደርስ እሱም ይረጋል፤ የቀደመውንም ወደ ላይ ይገፋል። እንዲህ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ቀጫጭን የበረዶ ዘንጎች ጎን ለጎን ተደርድረው ያድጋሉ። አንዳንዱ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ነው፤ አመቺ ቦታ ካገኘ የጣት ቁመት ሊደርስ ይችላል። የበረዶ መርፌ ይባላል።

የሚገርመው መርፌው ራሱ ሳይሆን የሚሸከመው ነገር ነው። በየጫፉ የአፈር ፍርፋሪ አለ። ጠጠር አለ። ሥር ያልሰደደ ቡቃያ ከነሥሩ ተነቅሎ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ማለዳ በላዩ ላይ ስትራመዱ ከጫማችሁ ሥር ይንኮሻኮሻል። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ፀሐይዋ ስትበረታ መርፌዎቹ ይቀልጡና ይወድቃሉ። የተነሳው አፈር እርስ በርሱ ሳይያያዝ ልል ሆኖ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይመጣል፣ ደቃቁን ይወስዳል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። መርፌው የሚያድገው ከተዳፋቱ ገጽ ቀጥ ብሎ ነው። ሲቀልጥ ግን ፍርፋሪው የሚወድቀው በክብደቱ ወደ ታች ነው። በተነሳበትና በወደቀበት ቦታ መካከል ትንሽ ርቀት አለ። የአንድ ሌሊቱ ርቀት ለዓይን አይሞላም። በዓመታት ሲደመር ግን ቁልቁለቱን ሁሉ ያንቀሳቅሰዋል።

ይህ እንዲሆን አራት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው። ጥርት ያለና ንፋስ የሌለበት ሌሊት፣ ርጥበት፣ ደቃቅ አፈር፣ ራቁት መሬት። ሌሊቱን መለወጥ አንችልም። አፈሩም ርጥበቱም የተራራው ተፈጥሮ ነው። በእጃችን ያለው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ጓሳ ሣር በብዛት በቆመበት ቦታ መርፌው አያድግም። ሣሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የደረቀውም ያልደረቀውም ቅጠል አብሮ ይቆማል። መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ አያጣም። ሥሩም አፈሩን ጠምዶ ይይዛል። ሣሩ በግጦሽ ተበልቶ መሬቱ ከታየ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንዴ መርፌው የገባበት ባዶ ቦታ ተመልሶ ሣር ለማብቀል በጣም ይከብደዋል። የበቀለችው ቡቃያ ሁሉ ሥር ሳትሰድ ትነቀላለች። የባዶው ቦታ ጠርዝ ከሥሩ ይቦረቦራል፣ ከላይ ያለው የሣር ክዳን ይንጠለጠላል፣ አንድ ቀን በግ ትረግጠዋለች፣ ይወድቃል። ባዶው ቦታ ራሱን እያሰፋ ይሄዳል ማለት ነው። በኬንያ ተራራ ላይ ሽበት የሚባሉት ትንንሽ አረንጓዴ ዕፅዋት አንዳንድ ዓይነቶች መሬት ላይ ሥር መትከሉን ጭራሽ ትተውታል። መርፌው በየሌሊቱ ስለሚያገላብጣቸው ሥር ሳይኖራቸው ዙሪያቸውን አረንጓዴ ሆነው እየተንከባለሉ ይኖራሉ።

ግዙፎቹ የድንጋይ መስመሮች

የበረዶ መርፌ የዛሬ ሥራ ነው። ሳነቴ ላይ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ፣ የድሮ ውርጭ የሠራው ነገር አለ። እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ ያስቀረኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። ድንጋይና አፈር የተቀላቀለበት መሬት በተደጋጋሚ ሲረጋና ሲፈታ፣ ድንጋዩና አፈሩ ይለያያሉ። ውኃ የሚይዘው ደቃቁ አፈር ስለሆነ ሲረጋ የሚያብጠውም እሱ ነው። ሲያብጥ ድንጋዩን ወደ ላይና ወደ ጎን ይገፋል። ሲቀልጥ ደቃቁ ከሥር ገብቶ ይሞላል፤ ድንጋዩ ወደ ቦታው መመለሻ ያጣል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም መሬቱ ራሱን ያደራጃል። ሜዳ ላይ ከሆነ ድንጋዮቹ ክብ ወይም ባለ ብዙ ጎን ቅርጽ ይሠራሉ፤ መሐሉ አፈር፣ ዙሪያው ድንጋይ። መሬቱ ትንሽ ተዳፋት ከሆነ ቅርጹ ይሳባል፤ አንድ መስመር ድንጋይ፣ አንድ መስመር አፈር እየሆነ ወደ ታች ይወርዳል። ሰው አልደረደረውም። ያየው ሁሉ ግን ሰው ያስተካከለው ይመስለዋል።

የመስመሩ ስፋት የሚወሰነው ቅዝቃዜው ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ነው። የሌሊት ውርጭ የሚሠራቸው መስመሮች በሴንቲሜትር ነው የሚለኩት። በእኛም በኬንያም ተራሮች መገኘት ያለባቸው እነዚህ ትንንሾቹ ነበሩ። ሳነቴ ላይ የተገኙት ግን እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማሉ፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋሉ፣ እስከ 2 ሜትር ይጠልቃሉ። የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያወጡ፣ ይህን ያህል ግዙፍ የድንጋይ መስመር በሐሩር ክልል ከዚያ በፊት እንዳልታወቀ ጻፉ። እንዲህ ያለ ነገር የሚታየው ወደ ዋልታዎቹና ወደ ቀዝቃዛው ዓለም ተራሮች ነው። ባሌ ደግሞ ከምድር ወገብ በ7 ዲግሪ ብቻ ነው የሚርቀው።

ታዲያ ማን ሠራቸው? ተመራማሪዎቹ በድሮን ካርታ አነሱ። ከ3,493 እስከ 4,377 ሜትር ባሉ ቦታዎች የአፈሩን ሙቀት በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ ቀበሩ፤ መዝገቡ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ዛሬ ያለው ውርጭ የላይኛውን ሽፋን ብቻ ይነካል፤ በማግስቱም ይለቃል። የሁለት ሜትር ድንጋይ ክምር ማንቀሳቀስ አይችልም። መስመሮቹ እንዲሠሩ መሬቱ በጥልቀት መርጋት ነበረበት፤ ወቅት ጠብቆ፣ ወይም ከሥሩ ጭራሽ ሳይፈታ። ለዚያ ደግሞ የአፈሩ አማካይ ሙቀት ከዛሬው ከ10 ዲግሪ በላይ ዝቅ ማለት እንደነበረበት አሰሉ። ይህ ከባድ ቁጥር ነው። በሐሩር ክልል ያለ ተራራ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ይህን ያህል መቀዝቀዙ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለ ድሮው የምሥራቅ አፍሪካ አየር ጠባይ የምናውቀውን እንደገና እንድናስብ ያስገድዳል።

አካባቢው በዚያ ዘመን በረዶ ለብሶ ነበር። የባሌ የበረዶ ግግር በጣም የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደሆነ የዚሁ ቡድን ሌላ ጥናት አሳይቷል። የድንጋይ መስመሮቹ ያሉት በረዶው ባልሸፈነው፣ ግን ለበረዶው ቅርብ በሆነው መሬት ላይ ነው። ድንጋዩም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የባሌ ተራሮች እሳተ ገሞራ ናቸው። ላቫው ሲቀዘቅዝ ረጃጅም ዓምዶች ሆኖ ይሰነጠቃል። ዓምዱን ውርጭ ይፈነቅለዋል። ለመስመሩ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ በቦታው ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ብርድ ውስጥ ሰውም ነበር። ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከፍታው ወደ 3,470 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው ጥናት መሠረት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እዚያ ኖረዋል። ለመሣሪያ የሚሆን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር ከፍታ ነበር። የሚበሉት ደግሞ በብዛት ፍልፈል ነው። በረዶው ባልደረሰበት ጠርዝ ላይ እሳት አንድደው ፍልፈል ይጠብሱ ነበር። ይህን ሳነብ የድንጋይ መስመሮቹና የሰዎቹ ታሪክ የአንድ ገጽ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሆኑብኝ።

አንድ ነገር ይቆጨኛል። ባሌ በዩኔስኮ የተመዘገበው በውበቱና በብዝኃ ሕይወቱ ነው። ለመሬት ታሪክ ምስክርነት በሚለው መስፈርት አልተመዘገበም። መስመሮቹ በፓርኩ ውስጥ ስላሉ ጥበቃው ይደርሳቸዋል። ግን ጠባቂውም፣ ጎብኚውም፣ መንገድ የሚጠግነው መሐንዲስም የድንጋይ ክምር እንጂ ሌላ ነገር እንዳልሆኑ ካሰበ፣ ድንጋይ ለማንሳት የሚመቸው ቦታ እሱ ነው። አንዴ ከተነሳ ደግሞ ዛሬ ባለው አየር ዳግም የሚሠራው ኃይል የለም።

በስሜን የቆመው የድሮ ፍሰት

ስሜን ላይ ያለው የውርጭ አሻራ ሌላ መልክ አለው። አፈሩ ከላይ ሲፈታ ከሥሩ ያለው ገና የረጋ ከሆነ ውኃው መውረጃ ያጣል። የላይኛው ሽፋን ውኃ ጠጥቶ እንደ ላላ ሊጥ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይፈሳል። በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ወይም ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ቁልቁለቱ ላይ እንደ ምላስ የወጣ፣ ፊቱ ያበጠ ቅርጽ ይተዋል። በስሜን እንዲህ ያለ የድሮ ፍሰት የተወው ክምችት ዛሬ ብዙ ተዳፋት ላይ ይገኛል። አሁን አይንቀሳቀስም፤ ቆሟል።

ለብዙ ዓመታት ስሜንን ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው የጂኦግራፊ ምሁር ሃንስ ሁርኒ ይህን ክምችትና የበረዶ ግግር የተወውን ድንጋይ ተከትሎ፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የስሜን አየር ከዛሬው በ7 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዝ እንደነበር ገምቷል። በላስታ በኩል ባሉት በአቡነ ዮሴፍና በሊብ አምባ ተራሮችም የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሳሳይ አሻራ በካርታ አስፍረዋል።

ለገበሬው ይህ ምን ያደርግለታል? ብዙ። ያ የድሮ ፍሰት ባይኖር ኖሮ ብዙው የስሜን ተዳፋት ባዶ አለት በሆነ ነበር። ገብስ የሚዘራበት፣ ሣር የሚበቅልበት አፈር ከሥሩ ያለው መሠረት ይህ ክምችት ነው። በላዩ ላይ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ጥቁር አፈር ተኝቷል። ብርዱ ቅጠልና ሥር ቶሎ እንዳይበሰብስ ስለሚያዘገይ አፈሩ በብስባሽ የበለጸገ ነው። በእጅ ሲይዙት ይቀላል፤ ውኃ ግን ከብዙው አፈር የበለጠ ይይዛል። ክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ እያለ ለምንጩ ይለቃል። ይህ አፈር ከሄደ በአንድ ትውልድ አይተካም። የሠራው ብርድ አሁን የለም።

ሣሩ ለምን ይነሳል?

መጀመሪያ ፍልፈልን ነጻ እናውጣው። የባሌው ትልቁ ፍልፈል በዓለም ላይ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ቀን ሙሉ አፈር እየቆፈረ ያወጣል፤ ሳነቴ ላይ በየቦታው የሚታየው የአፈር ጉብታ የእሱ ሥራ ነው። ጉብታው ራቁት ስለሆነ ውርጭ ይገባበታል። ነገር ግን ፍልፈል አፈሩን ይገለብጣል፣ አየር ያስገባል፣ የታችኛውን ንጥረ ነገር ወደ ላይ ያወጣል። በምላሹ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ እሱ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ፍልፈልና ውርጭ አብረው ለብዙ ሺህ ዓመት ኖረዋል፣ ተራራውም አልጠፋም።

የተለወጠው ሌላ ነው። በባሌ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። አርብቶ አደሩ ከብቱን በወቅቱ ወደ ላይ ያወጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ያወርዳል። ሣሩ የሚያርፍበት ጊዜ አለው። ዛሬ ብዙ ሰው ላይ ሰፍሮ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ሣሩ ዕረፍት አጣ። በተለይ የከፋው ጊዜ በጋ ነው። ሣሩ የሚበላበትና ውርጭ የሚበረታበት ወቅት አንድ ነው። ክረምቱ ሲመጣ ልል ሆኖ የሚጠብቀውን አፈር ያገኘዋል። በአገራችን የእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚሄድ ሁርኒ ያወጣው ግምት በየስብሰባው ይጠቀሳል። ስለ ተራራው ራስ ሲወራ ግን እንዲህ ዓይነት ንግግር አልሰማም።

እሳትም አለ። በባሌ ለከብቱ ለጋ ሣር እንዲበቅል አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ማቃጠል የቆየ ነገር ነው። በስሜን እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሳው እሳት ጓሳውንም አስታውንም በላ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፣ የአካባቢው ሕዝብ ቀን ከሌሊት ተረባረበ። እሳቱ ሲጠፋ ዜናውም ጠፋ። የተቃጠለው መሬት ግን ከዚያ በኋላ ነው ራቁቱን ለውርጭ የሚጋለጠው።

ከዚያ እርሻ ይመጣል። የድሮ ሰዎች ከደጋ በላይ ያለውን የአየር ቀጠና ራሱን ውርጭ ብለው ነው የሚጠሩት፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ማለት ነው። እዚያ ከገብስ ሌላ ብዙ ነገር አይሆንም፤ ከ3,700 ሜትር በላይ ደግሞ ገብሱም እምቢ ይላል። ድንበሩን የሚያስከብረው ብርዱ ነበር። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ብርዱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ማረሻውም ይከተለዋል። አንዳንድ ሰው ሙቀት ከጨመረ ውርጭ ይቀንሳልና አፈሩ ይድናል ሊል ይችላል። ዝቅ ባለው ቦታ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከፍ ባለው ግን ሌሊት ከዜሮ በታች መውረዱ ገና ይቀጥላል። በዚያ ላይ የታረሰ፣ የተገለበጠ፣ ሣር የሌለው መሬት ሲያገኝ ከበፊቱ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ጥፋቱን በገበሬውና በአርብቶ አደሩ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ሰው 3,700 ሜትር ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ገብስ የሚያርሰው ታች መሬት ስላጣ ነው። በስሜን የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የግጦሹ ጫና በመቀነሱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ለመውጣት ረድቶታል። ከተራራው የወረደው ሰው ኑሮ ከሣሩ ጋር እኩል ካልታየ ግን ሌላው መንደር ለምን ይስማማል? ይህ ጥያቄ ከፓርኩ ሕግ ጋር አብሮ መመለስ አለበት።

የተሻለ መንገድ እንዳለ መንዝ ያሳያል። የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሕዝቡ ራሱ መሬቱን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሲፈቀድ ደግሞ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ጓሳ ያጭዳል፣ ከብቱንም ያሰማራል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው። በኋላ ግን ኅብረተሰቡ በኮሚቴ መልሶ አቋቁሞታል። እነዚያ ሰዎች ስለ በረዶ መርፌ ጥናት አላነበቡም። ሣሩ ካረፈ ምንጩ እንደማይደርቅ ግን ያውቃሉ። መሬት መዝጋቱ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን ተጠቃሚው ራሱ የወሰነው ስለሆነ ነው የሠራው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ችግኝም አንድ ነገር ልበል። በየክረምቱ የምንተክለው ብዙ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ከ3,700 ሜትር በላይ ባለ ራቁት መሬት ላይ የተተከለ ችግኝ በመጀመሪያው በጋ በውርጭ ተነቅሎ ቢገኝ ሊገርመን አይገባም። በዚያ ከፍታ መትከል ሳይሆን መዝጋት ነው የሚሻለው። አስፈላጊ ከሆነም ከጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ሣር አለመንቀል፣ ባዶውን ቦታ በድንጋይ ወይም በታጨደ ጓሳ መሸፈን። ድንጋይ ሙቀት ይይዛል፤ የደረቀ ሣር ደግሞ መሬቱን ከጥርት ሰማይ ይጋርደዋል። ወጪው ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበናል ለሚል፣ የባሌን ወንዞች ይከተል። ወይብ ከዚያ ይነሳና የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ገናሌ፣ ወልመል፣ ዱማልና የዋቢ ሸበሌ ገባሮችም ከዚያው ተራራ ውኃ ይወስዳሉ። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በዚህ ውኃ ላይ ተመሥርቶ ይኖራል። ሶማሊያ ውስጥ ገናሌ በሚገባበት በጁባ ወንዝ ዳር በቆሎ የሚያጠጣ ገበሬ ሳነቴን አይቶ አያውቅም። የበጋው ውኃው ግን በሳነቴ ጥቁር አፈር ውስጥ ነው የሚቆየው።

መስመሮቹን ማየት የሚፈልግ ሰው ከመሄዱ በፊት በጎግል ኧርዝ ሳነቴን ፈልጎ ቢያጎላ ጥሩ ነው። መሬት ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የድንጋይ ክምር ብቻ ነው የሚመስለው፤ ከላይ ሲታይ ግን መስመሩ ይለያል። የበረዶ መርፌ ለማየት ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ መሄድና ፀሐይ ሳትወጣ መድረስ ያስፈልጋል፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ ቀልጧል። መንገዱ ዳር ያለው የተረገጠ አፈር ላይ ይገኛል። ወደ ሣሩ መግባት አያስፈልግም፣ ባይገባም ይሻላል።